ከጣርማ በር በታች፦ ጨው፣ እንቅርትና እናትነት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከዋሻው ማዶ መሬቱ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ጉም ካልሸፈነው ከታች የጥንቱ የኢፋት ሱልጣኔት አገር፣ ከእርሱም ማዶ የአፋር ቆላ ይታያል። እየተጠማዘዝን ወርደን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮች መኪናውን ከበቡት። የደብረ ሲና ቆሎ ስመ ጥር ነውና እኛም ሳንገዛ አላለፍንም።

ዓይናችን ያረፈው ግን በገበያው ጨው ላይ ነበር። ከረጢቱ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። ስለ ጨው ይህን ያህል ማውራት ለምን? ለሚል አንባቢ፣ ነገሩ የእናቶች ጉዳይ ነው እንላለን።

እንዲህ ያለው የደጋ ተዳፋት አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያጣል። አፈሩ ያጣውን እህሉም፣ እህሉን የሚበላውም ያጣዋል። በአንገታችን ፊት ለፊት ያለችው ታይሮይድ ዕጢ ደግሞ ሆርሞኗን የምትሠራው በአዮዲን ነው፤ ሲጎድልባት ለማካካስ ስትል ታብጣለች። እንቅርት ማለት ይህ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በሽታው ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

እስከ እ.ኤ.አ. 1998ቱ ጦርነት ድረስ አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብ ይመጣልን ነበር። ከዚያ ወዲህ የአፍዴራ ጨው ቢተካውም ለብዙ ዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው አስገድዷል። ነገር ግን አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይባክናል። ስለዚህ የታሸገውን ገዝቶ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲልም መጨመር ይበጃል።

ብዙ ሰው እንቅርትን የመልክ ጉድለት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ሆርሞኑ ሲያንስ ግን የወር አበባ ይዛባል፤ ፅንስ ይዘገያል፤ ቢፀነስም የመጨንገፍ ዕድሉ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል 35.8 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው፤ ፅንስ የጨነገፈባቸውና ልጅ ሞቶ የተወለደባቸውም በእነዚሁ ዘንድ በዝተው ተገኝተዋል።

ታዲያ ስንቷ እህት «ሾተላይ አለባት» ወይም «መካን ናት» ተብላ፣ ሐኪም አንገቷን እንኳ ሳይዳስስ ተፈታለች! ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) እስከ እርጅናቸው ጌታቸውን ለመኑ እንጂ ሚስታቸውን አላባረሩም፤ አላህም (ሱ.ወ.) ያችኑ ባለቤታቸውን አበጀላቸው።

እርግጥ መካንነት ሁሉ ከታይሮይድ አይመጣም፤ ባልም ይመርመር። አንገቷ ያላበጠ ሴትም ሆርሞኗ ሊያንስ ይችላል። ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ ያለ ምክንያት መወፈርና የፀጉር መርገፍ ካለ የደም ምርመራ ይለየዋል። የጎደለው በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይተካል። ያረገዘች እህት ይህን ክኒን በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ የለባትም፤ እንዲያውም መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ይጨመርላታል። ፅንሱ የራሱ ዕጢ በወጉ እስክትሠራ ድረስ አእምሮው የሚገነባው በእናቱ ሆርሞን ነውና።

በረመዷን የሚጨነቁም አሉ። ክኒኑ በባዶ ሆድ የሚወሰድ ስለሆነ፣ ሐኪምን አማክሮ ሌሊት ከእራት ብዙ ቆይቶ፣ ወይም ከሱሑር ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መዋጥ ይቻላል።