እንደውልልሃለን

«እንደውልልሃለን» ያሉኝ በ2002 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። እስካሁን አልደወሉም። ስልክ ቁጥሬን አልቀየርኩም።

እየቀለድኩ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ያኔ ሥራ የሚፈለገው በእግር ነበር። ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ሲወጣ፣ እኔና አብሮኝ የተመረቀ ጓደኛዬ አራት ኪሎ ወርደን ከጋዜጣ አከራዮቹ አንዱን በሳንቲም እንከራያለን። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ፖለቲካውን እየዘለልን፣ ክፍት የሥራ ቦታ የሚለው ገጽ ላይ እናፈጣለን። አከራዩ ደግሞ እኛ ላይ ያፈጣል፤ ማስታወቂያ ቀዶ ኪሱ የሚከት አይጠፋምና። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት። ማስታወቂያው ሁልጊዜ «የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ በመያዝ» ይላል። የማይመለስ። ቃሉን ያኔ ልብ አላልኩትም። ለኮፒ፣ ለጉርድ ፎቶ፣ ለታክሲ የሚሆነውን እናቴ ከመቀነቷ እየፈታች ትሰጠኛለች፤ አንድም ቀን ስንት ደረሰ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን እቆጥር ነበር።

የማስታወቂያ አማርኛ ለብቻው ቋንቋ ነው። «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል፤ ስምምነቱ ግን እነሱ ቁጥር ጠርተው አንተ «እሺ» የምትልበት ነው። «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ» ይላል፤ የቀድሞ አለቃህ ግብር ካልከፈለ አንተም ያን ሁሉ ዓመት አልሠራህም ማለት ነው። እኔ ያመለከትኩት አካውንቲንግ፣ ልምድ 0 ዓመት የሚለው ላይ ነው። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ታጥፏል። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩና ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። የአጎቴን ኮት ለበስኩ፤ እጅጌው እስከ ጣቶቼ ይደርሳል።

አምስት ሆነው ተቀምጠዋል። እነሱም አማርኛ ይናገራሉ፣ እኔም እናገራለሁ፤ ስለራስህ ንገረን የተባልኩት ግን በእንግሊዝኛ ነው። መሃል የተቀመጡት ሰውዬ ሲጠይቁኝ እሳቸውም ይደናቀፉ ነበር፤ ሁለታችንም አላበን። ጥንካሬህ ምንድን ነው አሉኝ። እንዴት ነህ ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ዝም ማለትን የተማረ ልጅ፣ ራሱን የሚያሞግስ ሲያይ እናቱ ከንፈሯን ስትመጥ እያየ ያደገ ልጅ፣ እንግዳ ሰው ፊት ተቀምጦ ጎበዝ ነኝ በል ሲባል ምን ይላል? አንገቴን ደፋሁ። ድክመትህስ? ጓደኛዬ «ሥራ ካልጠራልኝ አልለቅም በል» ብሎ አስጠንቶኝ ነበርና እሱን አልኩ። አምስቱም የሆነ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«ጨርሰናል፤ እንደውልልሃለን።»

ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ስለነበር እናቴ ስልኬን እዚያ አስቀምጣ ትጠብቀዋለች። ለማርያም ጧፍ ተስላለች። ሚስኮል በተደረገ ቁጥር «እነሱ ናቸው?» ትላለች። በአራተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ቡና ላይ ፍርዱን ሰጡ፦ «ልጄ፣ ቦታው ባለቤት ነበረው። አንተን የጠሩህ ለወግ ነው። ለመሆኑ ሰው አለህ?» ሰው አልነበረኝም። እናቴ በዚያው ዕለት ማታ ስልኩን ከመስኮቱ አነሳችው።

ይህን ፍርድ አሥር ዓመት ያህል ይዤው ኖርኩ። ሌላ ቦታ ሥራ አገኘሁ፣ ደሞዝ ጨመርኩ፣ ፍርዱ ግን እንዳለ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞርኩ። የምሠራበት ድርጅት (ስሙ ይቆየን) የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሲያደርገኝ የቅጥር ኮሚቴ አባልነቱም አብሮ መጣ። አሁን ከአምስቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ሲናገሩ የሆነ ነገር የምጽፈውም እኔ ነኝ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎረቤታችን ያሉት አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ አይቻለሁ። ሰብሳቢው ገና ሳንጀምር ስም የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አሳዩን። ስምንት ልጆች ለወግ ጠየቅን፤ የስምንቱም ሸሚዝ ተተኩሷል። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ። ለምን ፈረምክ የምትሉኝ ልክ ናችሁ።

ሌላው ጊዜ ግን ነገሩ ከዚህ በጣም ተራ ነው፤ የሚያበሳጨኝም ተራነቱ ነው። በጀት ይታጠፋል። ሥራ አስኪያጁ ሳይፈርሙ መስክ ይወጣሉ። አንደኛ የወጣው ሌላ ቦታ ይቀጠርና ሁለተኛዋን ለመጥራት ሦስት ወር ይፈጃል። በሐቅ ነጥብ ሰጥተን፣ በሐቅ ደምረን፣ በሐቅ የመረጥንባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ላልተመረጡት መንገር ግን የማን ሥራ ነው? ኮሚቴው የሰው ኃይል ክፍል ሥራ ነው ይላል፣ የሰው ኃይል ክፍል ደግሞ የኮሚቴው። ፋይሉ ይታሰርና መደርደሪያ ይወጣል። እንግዲህ ብጣሽ ወረቀት ይዘን የገባንበትም ቀን፣ በሐቅ የደመርንበትም ቀን፣ ውጭ ለሚጠብቀው ልጅ የሚሰማው አንድ ነው፦ ዝም። ስለዚህ ቡና ላይ የሚሰጠውም ፍርድ አንድ ነው። አንዱ ብሔሬን አይተው ነው ይላል፣ አንዱ ሃይማኖቴን፣ አንዷ አለባበሴን። እኛ ባዶ የተውነውን እነሱ ይሞሉታል፤ በምን ይፈረድባቸዋል?

ደግሞ ዝምታው የሚመቸው ሰው አለ። አንድ ጊዜ ጎበዝ ልጅ መጣች፤ ከጠየቅናት አንዱን እንኳ አልሳተችም። አንዱ የኮሚቴ አባል «አግብተሻል?» አላት። «አዎ።» «ልጅስ?» «ገና ነው።» ከወጣች በኋላ ሰውየው በጣቱ ቆጠረ፦ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ 120 ቀን ከነደመወዙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሰጣት መብት እሷን መጣያ ሒሳብ ሆነ። ነጥቧ ዝቅ አለ። ተከራከርኩ፣ በድምፅ ተበለጥኩ። ለዚህች ልጅ «ያልተመረጥሽው በዚህ ምክንያት ነው» የምትል አንዲት መስመር መጻፍ ግዴታ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ምን ብሎ ይጽፍ ነበር?

ይኸው አዋጅ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በፊተኛው አዋጅ 45 ቀን ነበር። በሩን አልፎ የገባ ሰው ምን ያህል እንደሚፈተን ቀን ተቆርጦለታል። በር ላይ የቆመው ስንት ቀን እንደሚጠብቅ የሚቆጥረው እናቱ ናት።

«ስንቱን ደውለን እንችላለን?» ይሉኛል ባልደረቦቼ። ሺህ ሰው ከሆነ ልክ ናቸው። ዛሬ የአራት ኪሎውን ድንጋይ ኢትዮጆብስና የቴሌግራም ቻናሎች ተክተውታል፤ አንድ ማስታወቂያ ከወጣ ሲቪ እንደ ጎርፍ ይመጣል። «የምናነጋግረው የተመረጡትን ብቻ ነው» ብሎ ከመጀመሪያው የሚጽፍ ድርጅት ቢያንስ አልዋሸም። እኔ የምለው ግን ታክሲ ተሳፍሮ መጥቶ ፊታችን ስለተቀመጠው ነው፤ እሱ ሺህ አይደለም፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ነው። ስንነጋገር ቆይተን የወጣው እውነተኛው ፍርሃት ሌላ ነው። ከነገርናቸው «እሱ በምን በለጠኝ?» ይላሉ፣ ቅሬታ ያስገባሉ። ያስገቡ። ይሉኝታችንም አለበት፤ ሰውን አይሆንም ከማለት እንደውላለን ብሎ መሸኘት ጨዋነት ይመስለናል።

ባለፈው ወር አንድ የሒሳብ ባለሙያ ቀጠርን። ያልተመረጡት አሥራ አንድ ናቸው። ዝርዝሩን ወስጄ ምሳ ሰዓት ላይ በራሴ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ሁለቱ አላነሱም። አንዱ «ብር ላክ ልትለኝ ነው አይደል?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው፤ አልፈርድበትም፣ በሥራ ስም ብር የሚበሉ ሞልተዋል። የቀሩት አብዛኞቹ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ቶሎ መዝጋት ነው የፈለጉት፤ እኔም ልክ መሥራቴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

አንዷ ገና ሳይጠራ አነሳች። «አቤት! አቤት!» ከኋላዋ ቡና ሲወቀጥ ይሰማኛል። ከየት እንደምደውል ስነግራት ዘነዘናው ቆመ። እንዳልተመረጠች ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣

«ስንተኛ ወጣሁ?» አለችኝ።

ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ወረቀቱን አየሁ። ሦስተኛ።

«ከስንት?»

«ከአሥራ ሁለት።»

ስልኩን ሳትዘጋ «እማ፣ ሦስተኛ ወጥቻለሁ!» ስትል ሰማኋት። እናትየዋ ያለችው አልተሰማኝም፤ ዘነዘናው ግን እንደገና ጀመረ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ይህን በጽሑፍ ልታደርጉልኝ ትችላላችሁ?»

ከሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ጠየቅኩላት። የክፍሉ ሠራተኛ ኮምፒውተሯ ውስጥ ፈልጋ ፈልጋ ቀና አለች። የቅጥር ደብዳቤ አላቸው፣ የማስጠንቀቂያ አላቸው፣ የስንብትም አላቸው። የዚህ ፎርማት ግን የላቸውም።

«እስቲ ከአለቃዬ ጋር ልነጋገርበትና» አለችኝ፣ «እደውልልዎታለሁ።»