ቤት የሚውል ኮምፒዩተር

የመመረቂያ ጥናት መጻፍ የጀመረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጽሑፉ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል። የኔ ጣጣ ግን የጀመረው በገንዘብ ሳይሆን በዥብ ነው።

የማጠናው የመንዝ ተረቶችን ነው። ተረቶቹን የነገሩኝ አያቴና ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ድምፃቸውን በስልኬ ቀድቼ በእጄ ገለበጥኩት። አያቴ "ጅብ" አትልም፣ "ዥብ" ነው የምትለው። እኔም እንዳለችው ጻፍኩና የመጀመሪያውን 14 ገጽ ለማስተየብ ከግቢው በር ፊት ለፊት ላለች ጸሐፊ ሰጠሁ። ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ግማሹን ጨርሳው ነበር። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን አንድም ዥብ የለም፤ ሁሉም ጅብ ሆነዋል። በማግስቱ ሄጄ ስጠይቃት "ውይ! ስህተት መስሎኝ እኮ ነው፣ አረምኩልሽ" አለችኝ። ከልቧ ልትረዳኝ ብላ ስለሆነ ምን እላታለሁ? አመስግኜ፣ መልሳ ዥብ እንድታደርጋቸው እንደገና ከፍዬ ወጣሁ።

አማካሪዬ ይህን ሲሰሙ ከሳቁ በኋላ "የተናጋሪው ቃል ካልተጠበቀ የሰበሰብሽው ተረት ሳይሆን የጸሐፊዋ ድርሰት ይሆናል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጽሑፌን ራሴ መተየብ እንዳለብኝ ገባኝ።

የኮሌጁ የኮምፒዩተር ክፍል አለ እንዳትሉኝ። አለ። ወረፋው ግን እናንተም የምታውቁት ነው። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ ክፍሉ ሊዘጋ 40 ደቂቃ ይቀረዋል። አንድ ቀን ፍላሼን ሰክቼ ስነቅለው ፋይሎቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነው አገኘኋቸው። ስልክ ላይም ሞክሬያለሁ። በአውራ ጣት 6 ገጽ ጻፍኩ፤ በሰባተኛው ገጽ የእጄ አንጓ እምቢ አለ።

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ የእናቴ እቁብ ወጣ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የእቁቡ ብር 40 ሺህ ነው። ከመውጣቱ በፊት ለምን እንደታሰበ ቤት ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ የኤሌክትሪክ ምጣዷ ሸክላው ተሰንጥቋል፣ አንዱ ጎኑም በደንብ አይግልም። ስለዚህ እንጀራው በአንድ በኩል ዐይን የለውም፣ ምግብ ቤቶቹም አጉረምርመዋል። ሆኖም የዥቡን ታሪክ ነግሬያት ስለነበር ብሩን ይዛ የመጣች ዕለት ማታ "ስንት ነው እሱ ኮምፒዩተርሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኳትም ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም፤ አለመጠየቄም አንድ ዓይነት ልመና እንደነበር አሁን ይገባኛል።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ላፕቶፕ ነበር። የማንኛችንም ሐሳብ ላፕቶፕ ነው። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ቤተ መጻሕፍት ይወጣል፣ ካፍቴሪያም ከፈት አድርገውት ሲቀመጡ ሰው ያደርጋል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ ገቢ ሳለሁ አንድ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ 20 ሺህ ብር ሲሉኝ "ተወደደ" ብዬ ትቼው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር፣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ከ100 ብር በላይ ወጣ። እኔም የተውኩትን ላፕቶፕ በሐሳቤ ስሰናበተው ከረምኩ። ዘንድሮ መገናኛ ወርጄ ስጠይቅ የዚያው ዓይነት 38 ሺህ ብር ሆኗል። ማለትም ሙሉው እቁብ ከነ ምጣዱ።

ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር የሰፈራችን ልጅ ነው "ለምን ሚኒ አትገዢም?" ያለኝ። እኔ ዴስክቶፕ ሲባል የሚታየኝ ያ ጠረጴዛ ሥር የሚቆመው፣ ሲበራ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ሳጥን ነበር። ወስዶ ያሳየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ርዝመቱም ወርዱም 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች፤ አንድ መካከለኛ መዝገበ ቃላት በሉት። ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለቢሮ ብለው የሚሠሯቸው ናቸው። ውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመታት ተጠቅመውባቸው ሲቀይሯቸው ነጋዴዎች እየሰበሰቡ ያመጧቸዋል። አንዱ ጀርባው ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው የንብረት ቁጥር እንደተለጠፈበት ነበር።

ዋጋው 17 ሺህ ብር ሲባል ደስታዬን አትጠይቁኝ። ግን ተቀምጬ ሳሰላው ደስታዬ ቀዘቀዘ። ላፕቶፕ ሲገዛ ሁሉ ነገሩ አብሮት ይመጣል። ይህ ግን ባዶ ሳጥን ነው። ያገለገለ ስክሪን 6,500 ብር። ኪቦርድና ማውስ 1,200 ብር። መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ ዩፒኤስ 9 ሺህ ብር። ድምሩ 33,700 ብር! ርካሽ ያልኩት ዕቃ አራት ሺህ ብር ብቻ ነው ከላፕቶፑ የሚያንሰው፤ እሱም ከጠረጴዛው ላይ ንቅንቅ የማይል። ሻጩ "ርካሽ ነው" ሲል አልዋሸም፣ የነገረኝ ግን የሳጥኑን ዋጋ ብቻ ነው።

እናቴ ደግሞ ፊደል ቆጥራ ባትጨርስም ሂሳብ ላይ እኔን ታስከነዳኛለች። "ጽሑፍሽ ስንት ገጽ ነው?" አለች። "60 ገጽ ቢሆን ነው።" "አንዱን ገጽ በስንት ትጽፍልሻለች ልጅቷ?" "በ25 ብር።" ዝም ብላ አሰበችና "አንድ ሺህ አምስት መቶ። ሁለቴ ብታሳርሚ ሦስት ሺህ። እና ለሦስት ሺህ ብር ሥራ ሠላሳ ሺህ ብር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር አሁንም የለኝም፤ ለአንድ ጥናት ብሎ ኮምፒዩተር መግዛት አያዋጣም። በዚያ ሌሊት ልተወው ወሰንኩ። ጸሐፊዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዥቦቼን እየጠበቅኩ አስጽፋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ያስቀየረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። እንደሚታወቀው በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል። ልጁ ስልኬን ተውሶ የሂሳብ መለማመጃ ጥያቄ እየሠራ ነበር። ድንገት ቀና ብሎ፣ እናታችን እንዳትሰማው ይመስላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ግን ቀስቷን በምንድን ነው የሚያንቀሳቅሷት?" አለኝ። ማውስ ነካ አድርጎ አያውቅም። ትምህርት ቤታቸው ኮምፒዩተሮች አሉ ግን ክፍሉ ተቆልፎ ነው የሚውለው። እኔ ለዥብና ለጅብ ስጨነቅ፣ ይህ ልጅ ሕይወቱን የሚወስን ፈተና ላይ ከማውስ ጋር ሊተዋወቅ ነው። አፈርኩ።

ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ላፕቶፕ ቢገዛ ለሁለታችንም ይሆናል ብዬ ጀመርኩ። እሷም "ላፕቶፑን ይዘሽው አይደል የምትወጪው?" አለች። አዎ፣ ጠዋት ይዤው ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። ወንድሜ የሚማረው በፈረቃ ስለሆነ ቤት የሚውለው ልክ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነው። እናቴ የሊጡን ባልዲ እየከደነች "እንግዲያው ቤት የሚውለውን ግዢ። የተረፈው ለምጣዱ ነው" አለችኝ። እኔ ሳምንት ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩትን ባልዲ ከድና ሳትጨርስ ቋጨችው።

አሁን ጥያቄው እንዴት ይተርፋል የሚል ሆነ። የሰፈራችንን ልጅ ይዤ ቁጭ አልኩ። ስክሪኑን ሰረዝነው፤ ቤት ያለው ቴሌቪዥን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስላለው በ400 ብር ገመድ ይገናኛል። ዩፒኤሱንም ለጊዜው ሰረዝነው። ይህኛው ከብዶኝ ነበር፤ እኛ ቤት ምጣዱ ሲሰካ ኃይሉ ወርዶ አምፖሉ ይደበዝዛል። ልጁ ግን የኮምፒዩተሩን ቻርጀር ገልብጦ አሳየኝ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ኃይል ሲወርድ ይችለዋል፣ የማይችለው ጭራሹኑ ሲጠፋ ነው። ለዚያ ደግሞ ወርድ በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠውን በየ1 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ላፕቶፕ ቢሆን ባትሪ አለው ብዬ መከራከሬ አልቀረም። "ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠይቀሻል?" አለኝ። አልጠየቅኩም። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ለካ ዋጋው የተወደደ ዴስክቶፕ ነው።

ልገዛ ስሄድ ሻጩ 17 ሺህ ብር የተባለውን አውጥቶ "እህቴ፣ ይቺን ውሰጂ፣ ዊንዶውስ 11 ሁሉ ተጭኖባታል" አለኝ። ኮር አይ5 7500ቲ ይላል። እዚህ ላይ ለምትገዙ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ያለችውን ቁጥር እዩ። 7 ሰባተኛ ትውልድ፣ 8 ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው "ቲ" ደግሞ ጥቂት ኃይል የሚበላ ዓይነት መሆኑን ትናገራለች። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን ደግሞ ከኢንቴሎቹ ውስጥ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። በሰባተኛው ላይ በዘዴ መጫን ይቻላል፣ ወደፊት ማሻሻያ ስለመምጣቱ ግን ዋስትና የለም። ሊኑክስ ቢጫንበት ግን ዕቃው ገና ብዙ ይሠራል፤ ለኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱኑ ወስጄ 7 ሺህ ብር አተርፍ ነበር። ወንድሜ ግን ሌላ ቦታ የሚያገኘውን ዓይነት ነው መልመድ ያለበት። 8500ቲ የሚለውን በ24 ሺህ ብር ወሰድኩ። ከዚያ በፊት አስከፍቼ የይለፍ ቃል እንዳልተቆለፈበት፣ ሜሞሪው 8 መሆኑን፣ ዲስኩም አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት አለመሆኑን አየሁ። ኪቦርድ፣ ማውስና ገመድ ተጨምሮ 25,600 ብር። ለምጣዱ 14,400 ብር ተረፈ። ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥዬ ታክሲ ተሳፈርኩ፤ ረዳቱ ዳቦ መስሎት ጭን ላይ ያዢው እንኳ አላለኝም።

የቀረው አከራያችን ነበሩ። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ "ኮምፒዩተር ካስገባችሁማ የመብራቱ ሂሳብ ይጨመራል" አሉ። ወረቀት ይዤ ሄድኩ። "ጋሼ፣ የዚህ ቻርጀር ቢበዛ 65 ዋት ነው። የእናቴ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ነው። ምጣዷ በ1 ሰዓት የምትበላውን ለመብላት ይህ ከ45 ሰዓት በላይ መሥራት አለበት" አልኳቸው። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝና "ለካ ምጣዱ ይህን ያህል ይበላል?" አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ የሰጠችኝን ግልምጫ እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ጥናቴ 31ኛው ገጽ ላይ ደርሷል። አማርኛውን የምጽፈው በዊንዶውሱ በራሱ የአማርኛ ኪቦርድ ነው፤ መጀመሪያ አስቸግሮኝ ነበር፣ ለመድኩት። አንዳንድ ቃላት ሥር ቀይ መስመር ይሰመርባቸዋል። ሆኖም ማንም ገብቶ አያርማቸውም፣ ዥቦቹም በየቦታቸው አሉ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጠፍቶብኛል። ቀን ቀን ወንድሜ ይሠራበታል። ማውሱን በመጀመሪያው ቀን እንደ ካውያ ነበር የሚገፋው፤ አሁን ከኔ ይፈጥናል።

ችግሩ ማታ ነው። ቴሌቪዥኑ አንድ ነው፤ እኔ የምጽፍበት ሰዓትና የእናቴ ድራማ ሰዓት ደግሞ አንድ ነው። ትናንት አንዱን ተረት ልጨርስ ሦስት መስመር ሲቀረኝ አዲሱን ምጣድ አጥፍታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

"ምን ይላል እሱ?"

አነበብኩላት። አያቴ ስለ ዥቡና ስለ አህያዋ የነገረችኝ ነበር።

"እንዲህ አይደለም መጨረሻው" አለች። "እናቴ ለኔ ስትነግረኝ አህያዋ አትበላም ነበር።" በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። ድራማው ተጀምሮ ነበር።