ማረፊያው ለማን ነው?

«ዐረፈ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ሸክም የተሸከመ ነው። ወፍ ከበረራዋ ወርዳ በቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ ዐረፈች ትባላለች። ሠራተኛ መሣሪያውን አስቀምጦ ጥላ ሥር ጋደም ሲል ዐረፈ ይባላል። ሰው ይህችን ዓለም ሲሰናበትም ዐረፈ ይባላል። እናት የሚያውክ ልጇን «ዕረፍ!» ስትለው ደግሞ ተኛ ማለቷ ሳይሆን ተው፣ አደብ ግዛ ማለቷ ነው። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ጨብጦት የሚውለው የማረሻ እጀታ እንኳ በድምፅ ይቀርበዋል፤ እርፍ ይባላልና። ሥራና ዕረፍት በቋንቋው ውስጥ ይህን ያህል ጎረቤታሞች ከሆኑ፣ በኑሮም ውስጥ የአንዱ ዕረፍት በሌላው ሥራ ላይ ተደላድሎ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

የከተማ ሰው ሳምንቱ ሲገባደድ «ቅዳሜና እሑድን የት ሄደን እንረፍ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መንገዱ ይቆጠራል፤ ነዳጁ ይሰላል፤ ሐይቅና ተራራ፣ ፍልውሃና ገዳም ይመዘናል። በሚዛኑ ላይ ብዙ ጊዜ የማይወጣው ነገር፣ ጠያቂዎቹ ሁሉ እኩል ደክመው እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

ነገሩን አንድ የታሪክ መምህር በቤቱ ከገጠመው መረዳት ይቻላል። መምህሩ በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሃያ ዓመት ያህል አስተምሯል። ባለቤቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ሁለት ልጆችና አንዲት አሮጊት እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ከቤታቸው ደጅ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ትቆማለች፤ ከዕድሜዋ ይልቅ በባለቤቷ ትዕግሥት የምትንቀሳቀስ መኪና ናት።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ሐሙስ ማታ፣ ማዕዱ ተነሥቶ ቡናው ሲቀርብ መምህሩ ጉዳዩን ለቤተ ሰቡ ጉባኤ አቀረበ። ቅዳሜ ከከተማ ወጥተን እንዋል፤ የት ይሁን?

አሮጊቷ ቀድመው ተናገሩ። «ለነፍስም ለሥጋም የሚበጅ ዕረፍት ደብረ ሊባኖስ ነው ልጄ» አሉ። ገዳሙ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከገደሉ አፋፍ ሥር ይገኛል። በ13ኛው ምዕት ዓመት በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ተመሠረተ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የፋሺስት ጦር መነኮሳቱን የፈጀበት የሐዘን ምድር ነው። አሮጊቷ የሚያስቡት ግን ጠበሉን ነበር።

ልጆቹ በአንድ አፍ «ቢሾፍቱ!» አሉ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ አዳማ በሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ መገስገስ ይቻላል። እሳተ ገሞራ ጎድጉዶ በተዋቸው ሸለቆዎች ውስጥ የተኙት ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቆች በልጆች ዓይን ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያሻቸውም።

መምህሩ ራሱ የሥዕል መምህር የሆነ ባልደረባው የሰጠውን ምክር አነሣ። ያ ሰው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ ሂዱ ብሎታል። ፍልውሃው አለ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደበት የቦዳ አካባቢም በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ጉልበት ያለውም እስከ ወንጪ ሐይቅ ይዘልቃል። ነገር ግን የመምህሩ ልብ ወደ ደቡብ አዘንብሏል። ስለ መልካ ቁንጡሬና ስለ ጢያ ትክል ድንጋዮች ሃያ ዓመት ሙሉ በጠመኔ ሲጽፍ ኖሮ አንድም ቀን በእግሩ ቆሞ አላያቸውም። ይህ ሲያሳፍረው ኖሯል።

ስለዚህ እንደ ጥሩ አስታራቂ አንድ መንገድ ቀየሰ። በዓለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው ጎዳና ሁሉንም ያስደስታል። ለልጆቹ የአዋሽ ወንዝ አለ፤ ለእናቱ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች፤ ለእርሱም መልካ ቁንጡሬና ጢያ አሉ። «ድምፅ እንስጥ» አለ። አራት እጆች ወጡ። ባለቤቱ ሲኒዎቹን እየሰበሰበች ነበርና «ሁሉም ጥሩ ነው» ብላ ወደ ማጀት ገባች። ይህ ቃል ድጋፍም ተቃውሞም አለመሆኑን ከጉባኤው አንድም ሰው ልብ አላለም።

ዓርብ ማታ ከሥራ እንደተመለሰች ድፎ ዳቦ ጋገረች። የልጆቹን ልብስ አጥባ፣ የአማቷን ነጠላ ተኩሳ፣ እንቁላል ቀቅላ ስትጨርስ እኩለ ሌሊት ሆነ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥታ የቋንጣ ፍርፍሩን ሠራች፤ ሻዩንም በፔርሙዝ ሞላች። ጎህ ሲቀድ መምህሩ መኪናዋን እየወለወለ ያፏጭ ነበር። አሮጊቷ እንደ ክብራቸው ከፊት ተቀመጡ። ሚስቲቱ ከኋላ፣ በሁለቱ ልጆች መካከል፣ ድስቱን በጉልበቷ አቅፋ ገባች።

መንገዱ ያማረ ነበር። ከዓለም ገና በኋላ ከተማው ወደ ኋላ ቀርቶ፣ በግራና በቀኝ ወደ መብሰሉ የተቃረበው ጤፍ በነፋስ ይተኛል፤ ይነሣል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቁ መልካ ቁንጡሬ ደረሱ። መምህሩ ለልጆቹ ከመማሪያ መጽሐፍ ያለፈ ነገር ነገራቸው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1963 በተመራማሪዎች ዘንድ ታወቀ፤ በ2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ጥናትም፣ 700 ሺህ ዓመት ያህል በቆየ አፈር ላይ ከዐዋቂዎች ዱካ ጋር የሕፃናት ዱካ መገኘቱን ገልጧል። ዐዋቂዎቹ በኩሬው ዳር የድንጋይ መሣሪያ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ገና እግራቸው ያልጠና ልጆች በአጠገባቸው ይድሁና ይንገዳገዱ ነበር ማለት ነው። ልጆቹ በዚህ እጅግ ተደነቁ። ትንሹ ልጅ ጫማውን አውልቆ ዱካውን በአዋሽ ዳር አሸዋ ላይ አተመ። እናቱ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ከዛፉ ሥር ጨርቅ ዘርግታ፣ እንቁላል እየላጠች፣ ዕቃ ትጠብቅ ነበር።

አዳዲ ማርያም ሲደርሱ አሮጊቷ እንባቸው መጣ። ትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚያያይዛት ይህች ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በታች የተፈለፈለች ስለሆነች መውረድ ያስፈልጋል፤ መውረድ ደግሞ ለአሮጊት ጉልበት ቀላል አይደለም። ምራታቸው ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው፤ ግድግዳውን ተሳልመው እስኪጠግቡም ቆማ ጠብቃ፣ ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ጢያ ገቡ። መምህሩ የሚመኘው ሰዓት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ ከእነዚህም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ሰይፎች በድንጋዩ ላይ ተደርድረዋል፤ ምስጢራቸው እስከ ዛሬ በሙሉ ያልተፈታ ምልክቶችም አሉ። ከሥራቸው የተቀበሩት በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ የነበራቸው መሆናቸውን ቁፋሮ አሳይቷል። መምህሩ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲሄድ ደስታው ብቻውን አልያዝልህ አለው። ሚስቱን ሊጠራት ወደ መኪናው ሮጠ።

ባለቤቱ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ራሷን በመስተዋቱ ላይ ጥላ ተኝታ ነበር። ባዶው ድስት አሁንም በጉልበቷ ላይ ነው፤ እጇም ከክዳኑ ላይ አልወረደም። መምህሩ የመኪናውን በር እጀታ እንደያዘ ቆመ። ሊቀሰቅሳት አልደፈረም። ከጠዋት ጀምሮ ዐይኗን የጨፈነችበት፣ ማንም ምንም ያላዘዘባት የመጀመሪያው ሰዓት ይህ መሆኑ ታየው። በሩን ሳይከፍት ተመለሰ፤ ድንጋዮቹን ግን እንደ ቀድሞው ሊያያቸው አልቻለም።

ማታ ሁሉም «ደስ የሚል ቀን ዋልን» ብለው ተኙ። ዕቃው ግን ታጥቦ ማደር ነበረበት። እሑድ የልብስ አጠባ ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት ሚስቲቱ ወደ መዝገብ ቤቷ ገባች። የቤቱ ሰው ሁሉ ዐርፎ ነበር፤ ከአንዲት ሴት በቀር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ሠራተኛውም በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል። «ያልተቋረጠ» የሚለው ቃል የሕጉ ልብ ነው። የተቋረጠ ዕረፍት ዕረፍት እንዳልሆነ ሕግ አውጪው ተረድቷል። የባለትዳሪቱን ማጀት ግን የሚቆጥረው የሥራ ሰዓት መዝገብ የለም፤ የሚቆጥረው አብሯት የሚበላ ሰው ሕሊና ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቤት መክደን ይበቃ ነበር። መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት ለባልደረቦቻቸው የሽርሽር ቀን ሲያዘጋጁም የሚሆነው ከዚህ እምብዛም አይለይም። ኃላፊው ያላየውን አገር ይመርጣል፤ ኮሚቴው ያጸድቃል፤ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ግን ሻይ አፍይዋ ሴት ማንቆርቆሪያዋን ታቅፋ ትቀመጣለች። በሥራ ቀን ከምታፈላው ሻይ በበዓሉ ቀን የምታፈላው ይበልጣል። ከዚያም በስብሰባ ላይ «ሠራተኛው ተዝናንቷል» ተብሎ ሪፖርት ይቀርባል። ድካምን በእኩል ያላከፋፈለ ማኅበር ዕረፍትን በእኩል አከፋፈልሁ ቢል ማንን ያሳምናል?

ስለዚህ የማረፊያ ቦታ ሲመረጥ፣ ከኪሎ ሜትሩም ከሐይቁም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ከመካከላችን ይበልጥ የደከመው ማነው?» የሚለው ነው። መልሱ ከታወቀ ቦታው ራሱ ይመጣል። ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ተራራ ዕረፍት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው መቀመጫ ዕረፍት ነው፤ ዝምታ ለበዛበት ጨዋታ፣ ጫጫታ ለበዛበት ዝምታ ዕረፍት ነው።

መምህሩ ሦስት ሳምንት ያህል አሰበበት። በመጨረሻም በአንድ ሐሙስ ማታ ጉባኤ ሳይጠራ፣ ማጀት ድረስ ገብቶ ባለቤቱን ጠየቃት። «በዚህ ቅዳሜ የት ብንሄድ ዕረፍት ይሆንሻል?»

ወዲያው አልመለሰችለትም። እጇን አድርቃ፣ ጥቂት ቆማ፣ «የቦታውን ስም አላውቀውም» አለችው። «ሩቅም ይሁን ቅርብ፣ ስሄድ ድስት የማይከተለኝ፣ ስመለስም ድስት የማይጠብቀኝ ቦታ ይሁን።»

እንዲህ ያለ ቦታ በካርታ ላይ አይገኝምና መሥራት ነበረባቸው። ልጆቹ የመረጡት ቢሾፍቱ ተወሰደ፤ ምክንያቱ ግን ቅርበቱ ሆነ። ከቤት ምንም አልተሠራም። አሮጊቷ በዚህ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ስንቅ ሳይዙ መንገድ መውጣት በእርሳቸው ዘመን ነውር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን መኪናዋ ዘንድ ሲደርሱ የፊቱን በር አልፈው የኋላውን ያዙ። «አንቺ ከፊት ሁኚ ልጄ፤ እኔ ከልጆቹ ጋር እጫወታለሁ» አሉ። ለካ በመስተዋቱ ላይ የተጣለውን ራስ ያየው መምህሩ ብቻ አልነበረም።

ዳቦና ሙዝ ከመንገድ ገዝተው በሆራ ሐይቅ ዳር ተቀመጡ። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ፣ በኢሬቻ በዓል፣ እልፍ አእላፍ ሕዝብ ምስጋና የሚያቀርብበት ይህ ዳርቻ በዚያ ቀን ጸጥ ያለ ነበር። ልጆቹ ዳቦው ደረቅ ነው ብለው አማረሩ፤ የሰማቸው የለም። እናታቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃውን ስትመለከት ቆየች። ምን እንደምታስብ የጠየቃት አልነበረም፤ እርሷም ማንንም ምን ላቅርብልህ አላለችም። ማታ ብርጭቆውን ያጠበው መምህሩ ነው። አንዱን ሰበረው።

በማግስቱ እሑድ፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ በሳሎኑ ውስጥ መሯሯጥ ሲጀምሩ አያታቸው ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አድርገው በሹክሹክታ ተቆጧቸው።

«ዕረፉ እንጂ! እናታችሁ ተኝታለች።»