ለእግር መንገድ ምስክር ሲፈለግ

ሰሞኑን ጡረታ የወጡ አንዲት እንግሊዛዊት ጎረቤቴ ቅጽ ይዘው ቤቴ መጡ። እዚህ እንግሊዝ አገር ከሰፈራችን ጀርባ የገብስ ማሳ አቋርጦ ወደ ወንዙ የሚወርደውን የእግር መንገድ የመሬቱ ባለቤት በሽቦ አጥሮ ቆልፎበታል። መንገዱ በአካባቢው አስተዳደር ካርታ ላይ አልሰፈረም። ስለዚህ ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክሩ ደግሞ የሄደበት ሰው ሁሉ ነው።

ቅጹን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በዚህ መንገድ ከመቼ እስከ መቼ ሄዱ? በሳምንት ስንት ጊዜ? በእግር ነው በብስክሌት? ያስቆመዎት ሰው ነበር? ፈቃድ ጠይቀው ያውቃሉ? መጨረሻው ላይ ካርታ ተያይዟል፤ የሄዱበትን መስመር በእስክርቢቶ አስምረው ይፈርማሉ። በእንግሊዝ ሕግ ሕዝብ ሳይደበቅ፣ ሳይከለከልና ሳያስፈቅድ 20 ዓመት የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ እንደሆነ ይገመታል። ባለመሬቱ መከራከር ይችላል፤ የመንገደኛው እግር ግን ማስረጃ ነው። ሞልቼ ፈረምኩ። ሴትየዋ ከሄዱ በኋላ ግን ንዴት ያዘኝ። ያደግኩባቸው የጋምቤላ መንገዶች 20 ዓመት ቀርቶ ስንት ትውልድ ተመላልሶባቸዋል። አያቶቻችንን ማን ቅጽ ይዞ ጠየቃቸው?

እንግሊዞችም መብቱን ያገኙት በነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ከማንቸስተርና ከአካባቢው የተነሱ ሠራተኞች ለባለጸጎች አደን የተከለለውን ኪንደር ስካውት የተባለ ተራራ በጅምላ ወጡበት፤ አምስቱ ወህኒ ወረዱ። የገጠር መንገዶችን የሚያስመዘግበው ሕግ የወጣው በ1949 ነው። በ1965 ደግሞ ፔናይን ዌይ የተባለው 430 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከዚያው ተራራ ሥር ተነስቶ እስከ ስኮትላንድ ድረስ ተከፈተ። ዛሬ ሰው ከሥራው እረፍት ወስዶ ቀናት ሙሉ ይጓዝበታል።

እዚህ ያሉ አንዳንድ ወዳጆቼ «እኛ አገር ሰው ለመዝናናት አይሄድም፣ ችግር ነው የሚያስኬደው» ይሉኛል። አልቀበለውም። ከአቦቦ ወደ ጎግ፣ ከኢታንግ ወደ ላሬ የሚሄድ ሰው ሲያወጋ ሲዘፍን ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ላይ ዘመድ ካለው አድሮ ነው የሚያልፈው። ክረምት ላይ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ የሚያውቀው ይቀድማል፣ ሌላው ዱካውን ይከተላል። በበጋ ሣሩ ሲቃጠል ያው መስመር በጠቆረው መሬት ላይ ነጥቶ ይታያል። ያንን ነጭ መስመር ያየ ሰው መንገድ የለም ሊል አይችልም።

እንግሊዞች ራሳቸው የመንገዶቻችንን ጥቅም ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክ በፈረሙላቸው ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲያቋቁሙ፣ የጎሬን ቡና በቡሬ ቁልቁለት ያወረዱላቸው በቅሎዎችና ተሸካሚዎች ናቸው። ወንዙ ሲሞላ መርከብ ወደ ካርቱም ይወስደው ነበር። ዛሬ ከደቡብ ሱዳን የሚሻገሩት ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች እንኳ አንገታቸው ላይ መከታተያ ታስሮ የጉዟቸው መስመር ተስሏል። ሰፋፊ መሬት ለእርሻ ሲከራይ በውስጡ የሚያልፈውን የሰው መንገድስ ማን ቆጠረው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይፈናቀል ይላል፤ ስለሚሄድበት መንገድ ግን ስም ጠርቶ አይናገርም።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ የእንግሊዙ ቅጽ እንዳለ ይወሰድልን ማለት ይከብደኛል። ባሮ ሞልቶ ሲጎድል የአኙዋክ ገበሬ ዳር ዳሩን በቆሎ ይዘራል፤ የእግር መንገዱም ማሳውን ዞሮ በሌላ በኩል ይወጣል። ለከርሞ ደግሞ ቦታው ይቀየራል። የኑዌር ከብትም በበጋ ወደ ወንዙ፣ በክረምት ወደ ከፍታው ነው። በአንድ መስመር ካርታ ላይ አስምሩ ብንባል የቱን እናሰምራለን? መንገዳችን የቆመው በመስማማት ነው፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሽቦው የታጠረውም ሕግ ባለበት አገር ነው። መስማማቱ ግን ሁልጊዜ አይጸናም፤ በከብትና በውሃ የተጋጩ መንደሮችን የማያውቅ ጋምቤላዊ የለም። እንዲያ ሲሆን የሽማግሌ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሽማግሌዎቹም እያለፉ ነው።

ስለዚህ ጋምቤላ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ መምህራን፣ እባካችሁ ጠይቁልን። በበጋ በየት ይኬዳል? ውሃ ሲሞላ በየት ይዞራል? መሻገሪያው የት ነው? ከብቱ የሚያልፈው መቼ ነው? በአኙዋክኛም በኑዌርኛም በአማርኛም ጻፉት፤ ስልክ ያለው እየሄደ መስመሩን ይቅዳው። ለእኔ ብትልኩልኝ ካርታ ላይ የማስፈሩን ሥራ ከዚህ ሆኜ እሠራለሁ።