ሳይቃጠል በቅጠል



ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ የምድጃ መከለያ ነው። «ይህ ደግሞ ለመጽሔት የሚበቃ ጉዳይ ነው እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም በአንድ ወቅት እንደዚያው አስብ ነበር።

በ2011 (እ.ኢ.አ) ክረምት እናቴ ከደሴ መጥታ አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ሰነበተች። የተከራየነው አሮጌ ቪላ ሳሎኑ ውስጥ ከድንጋይ የታነጸ፣ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ነበረው። ለዓመታት በካርቶን ተደፍኖ የኖረውን ምድጃ ብርድ ለሚያማት የእናቴ ጉልበት ስል አስከፈትሁት። ጭስ መውጫውን አስጠርጌ፣ የወፍ ጎጆ አስወጥቼ፣ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አነደድሁ። ቤቱ ሞቀ። እናቴም «ጀዛህን አላህ ይክፈልህ» ብላ መረቀችኝ።

አንድ ምሽት ዒሻእ እየሰገደች ሳለ እንጨቱ ተንጣጣና የእሳት ፍንጣሪ መስገጃዋ ጫፍ ላይ ጣለ። ባለቤቴ ፈጥና ውሃ አፈሰሰችበት። መስገጃው ላይ የሲኒ አፍ የሚያክል ቀዳዳ ቀረ።

በማግስቱ ሦስት ክንፍ ያለው፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ የሽቦ ወንፊት መከለያ ገዝቼ ገባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ የመረጥሁት ለእንግዳ ዓይን ነበር። ክብደት የለውም፤ ወለሉ ላይ ይቆማል እንጂ ከምንም አልታሰረም። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ልጅቷ ብትደገፈውስ?» አለችኝ። «ኧረ አታስቢ እማዬ!» ብዬ አለፍሁት።

ሳምንት አልሞላም። የሁለት ዓመቷ ልጄ ኳሷን ተከትላ ሮጠችና ሁለት መዳፏን መከለያው ላይ አሳረፈች። ብረቱ ግሎ ነበር። እሷን ስንነጥቅ መከለያው እሳቱ ላይ ወደቀ። እኔ የጥርስ ሳሙና ፍለጋ ስራወጥ፣ ባለቤቴ የልጅቷን እጅ ለሃያ ደቂቃ ያህል በቧንቧ ውሃ ሥር ያዘችው። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ባለቤቴን አመሰገነች። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና የተቃጠለ ገላ ላይ እንደማይደረግም ለእኔ ነገረችኝ። አልሐምዱ ሊላህ፣ መዳፏ ያለ ጠባሳ ዳነ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነቤተሰቡ መቃጠሉ በተነገራቸው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ለሰው ጠላት መሆኑን ተናግረው ከመኝታ በፊት እንዲጠፋ ማዘዛቸውን በሶሒሕ ሐዲስ ተምሬአለሁ። ከልጅነቴ የማውቀውን ነገር ሳሎኔ ውስጥ ረስቼው ነበር። ጠላትን በወርቅማ ቀለም አስጊጬ አስቀመጥሁት።

ሁለተኛውን መከለያ በልኩ ላሠራ ቆረጥሁ። መጀመሪያ የመስታወት በር አማረኝ። ስጠያይቅ ግን ተራ የመስኮት መስታወት በሙቀት እንደሚሰነጠቅ፣ የተጠናከረውም ቢሆን እሳቱ ሲበረታ ብዙውን ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቀመጥ ተረዳሁ። ከፍተኛ ሙቀት የሚችለው የሴራሚክ መስታወት አይሰነጠቅም እንጂ ሲነኩት ያው ያቃጥላል። መስታወት ፍንጣሪ ይከለክላል፤ የልጅን እጅ አያድንም።

ወደ ሠፈራችን በያጅ ሄድሁ። ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ስንት ቦታ ለኩት?» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እንደለካሁ ስነግረው ሳቀና መለሰኝ። «የድንጋይ ግንብ ቀጥ አይልም። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፤ ቁመቱንም ከግራ፣ ከመሐል፣ ከቀኝ ይለኩልኝ።» እንዳለው ባደርግ የላዩ ከታቹ በ2 ሳንቲ ሜትር ጠበበ። ክፈፉ አፉ ውስጥ ስለሚገባ ትንሹን ልክ ያዘ። ዚንክ የተነከረ ሽቦ ሲግል ጎጂ ጭስ ስለሚያወጣ ወንፊቱን ከተራ ብረት ሠራው። ቀለሙም ሙቀት የሚችል ሆነ፤ የመጀመሪያውን እሳት መስኮት ከፍተን እንድናነድም አሳሰበን።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ተሠራልን። አንደኛው ምድጃው አፍ ላይ ድንጋዩ ላይ የታሰረ፣ ፍንጣሪ የሚይዝ ደቃቅ የወንፊት በር ነው። ሁለተኛው ከእርሱ ራቅ ብሎ በሁለት በኩል ግድግዳ ላይ በብሎን የተያዘ የብረት አጥር ነው። ልጅቷ እጇን ብትዘረጋ ወንፊቱ ጋ አትደርስም። ጭንቅላቷም በብረቶቹ መሐል አያልፍም። መቀርቀሪያው ትልቅ ሰው የሚከፍተው ነው።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! መከለያ ጢስ እንደማይከለክል ግን አትዘንጉ። ፍሙ ፈጽሞ ሳይጠፋ ጭስ መውጫውን መዝጋት ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ማስቀረት ነው። ምድጃ የሌላችሁም፣ የከሰል ማንደጃችሁን አስቡት። ሕፃን በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧልን? ብርድ ነው ተብሎ በር ወደ ተዘጋ መኝታ ክፍልስ ይገባልን? ጥያቄው ያው አንድ ነው።

ሥራው ሲያልቅ እናቴ አጥሩን ያዘችና በሙሉ ኃይሏ ነቀነቀችው። አልተነቃነቀም። «አያምርም፤ ግን ያስተኛል» አለች። አዲስ መስገጃ ገዝቼላት ነበር፤ ወደ ደሴ ስትመለስ ግን ቀዳዳውን ጥፋ ይዛው የሄደችው አሮጌውን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ከዱንያም ከአኼራም እሳት ይጠብቅልን። አሚን።