በዶርሴት ሣር ክዳን ሥር

ልጄ የምትኖረው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ እኛ ጋ ክረምት እነሱ ጋ በጋ ሲሆን፣ ልጠይቃት ሄጄ ሚልተን አባስ የሚባል መንደር ወሰደችኝ። ቁልቁል ከሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ 36 ያህል ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ሣር ክዳን። ግድግዳቸው በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው ሲሉኝ ጠጋ ብዬ ዳሰስኩት። ልክ የአባቴ ቤት!

ይህ ዛሬ ጥንታዊ የሚባለው መንደር በጊዜው አዲስ ሠፈር ነበር። ሎርድ ሚልተን የተባሉ ባለርስት በመኖሪያቸው አጠገብ የነበረችው ከተማ እይታቸውን ስላበላሸችባቸው አስፈረሷት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1780 ገደማ ጀምሮ ነው ይህ መንደር በምትኳ የተሠራው። እንግዲህ ያ ሁሉ ውበት የመጣው ሰው ከቤቱ ተነቅሎ ነው። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ስንት ፎቶ አንስቻለሁ!

ስንመለስ ሌላ ሣር ክዳን ቤት አየሁና፣ «ይኼስ ስንት መቶ ዓመቱ ነው?» ብላት ልጄ ሳቀች። አዲስ ነው አለችኝ። በዶርሴት ዛሬም አዲስ ቤት በስንዴ አገዳ ወይም በሸምበቆ ይከደናል። እሳት እንዳይነሳ ክዳኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን የራሱ መመሪያም አለው። ታዲያ ርካሽ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ሣር የባለገንዘብ ክዳን ነው።

ዶርቼስተር ከተማ ዳር ደግሞ ፓውንድበሪ አለ። የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ልዑል ሳሉ ያስጀመሩት፣ ግንባታው በ1993 የተጀመረ፣ በድሮው ወግ የተሠራ ሠፈር ነው። የቴአትር መድረክ ይመስላል እያሉ የሚያሾፉበት አሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ እንደዚያ ተሰምቶኛል። ልጄ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነው። ከቤቶቹ 35 በመቶው አቅማቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የታሰቡ ናቸው፤ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ስለተሠሩ ከውጭ አይለዩም። በዙሪያው ባሉት መንደሮች ቤት እጅግ ስለተወደደ እዚያው የተወለደ ልጅ እንኳ ከወላጆቹ አጠገብ መኖር ይቸግረዋል። «የኔዎቹስ አድገው የት ይገቡ ይሆን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ የልጅ ልጄ፣ «አባባ፣ የእናንተም ቤት ሣር ክዳን ነበር?» አለኝ። አዎ፣ በመጀመሪያ ደመወዜ አፍርሼ ቆርቆሮ አለበስኩት አልኩት። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አባቴ እንቅልፍ አጥተው ማደራቸውን ግን አልነገርኩትም።