ሐኪሙ የማያየው

የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ የምኖረውም አሜሪካ ነው። በሻዕባን ወር መጨረሻ ሜትፎርሚንና ግሊፒዛይድ የተባሉት መድኃኒቶቼ ሊያልቁ ሲቃረቡ፣ ማዘዣውን ለማሳደስ በኢንተርኔት ከሚያክም ሐኪም ጋር በስልኬ ተገናኘሁ። «የተለየ ነገር አለ?» ሲለኝ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለም» አልኩት። ረመዳንን እንደምጾም ግን ደበቅኩት፤ «አትጹም» እንዳይለኝ ፈርቼ።

ባለቤቴ ከጎኔ ሆና፣ «ይህ ሰው እጅህን አልዳሰሰ፣ ደምህን አልለካ፤ የሚያውቀው የነገርከውን ብቻ ነው» አለችኝ። አፈርኩ፤ ነገርኩትም።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ግሊፒዛይድ ምግብ ሳይበላ ከተዋለ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ እንደሚችል አስረዳኝ። የ3 ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራና የኩላሊት ምርመራ አዘዘልኝ። ውጤቱን አይቶ የጠዋቱን ኪኒን ቀንሶ ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አዛወረው። «መለኪያው ከ70 በታች ካሳየህ ግን ሰዓቱን ሳትጠብቅ አፍጥር» አለኝ።

ወገኖቼ! አላህ ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል፤ አካላችንም አማና ነው። ማዘዣ ስታሳድሱ የምትጾሙትን ጾም፣ የዘለላችሁትን ኪኒን ሁሉ ተናገሩ። ሐኪሙ የደበቅነውን አያይም፤ አላህ ግን ያያል።